አስቀድሞ መወሰንና ነጻ ፈቃድ፦ ሁለቱንም ወገን የሚይዝ የእምነት መግለጫ አንቀጽ እንዴት ይጻፋል?

ዘቤርያ (ክሩን የጀመረው) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ የእምነት መግለጫውን እያሻሻለ ነው እንበል። ስለ ደኅንነት የሚናገረው አንቀጽ ላይ ሲደረስ ግማሾቹ ሽማግሌዎች «ምርጫው ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው፣ ጸጋውም ሊቋቋሙት የማይቻል ነው» ተብሎ ይጻፍ ይላሉ፤ ካልቪናውያን የሚባሉት ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ «እግዚአብሔር ማን እንደሚያምን አስቀድሞ አውቆ መረጠ» ካልተባለ አንፈርምም ይላሉ፤ አርሚንያን የሚባሉት። «አንቀጹ ጭራሽ ይውጣና በፍቅር እንለፈው» የሚሉም አልጠፉም።

ስለ ምርጫ የሚናገረውን ሮሜ 9ን እዚህ እንድትከራከሩበት አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ክር አለ። ጥያቄዬ ስለ አሠራሩ ነው። ይህን ልዩነት ይዘው አብረው የዘለቁ እንዴት አደረጉት? የፈረሰባቸውስ ምን ላይ ፈረሰባቸው?

መዝገቡ_ይናገር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

«አንቀጹ ይውጣ» የሚለው ከሁሉ በፊት ይውደቅ። ባዶ የተተወ አንቀጽ ባዶ ሆኖ አይቀርም፣ ተራው የደረሰው ሰባኪ ይሞላዋል። አንዱ ወገን አክርሮ ሲያስተምር ደግሞ «ይህን አልተስማማንበትም» ብሎ የሚያሳየው ጽሑፍ የለም።

ቀጥሎ አንድ ሥራ አለ፣ የሚዘለልም እሱ ነው። ማንም የራሱን አቋም ከመከላከሉ በፊት የሌላውን ወገን አቋም በአንድ ገጽ ይጻፍ። ባለቤቶቹ «አዎ፣ የምንለው ይህንን ነው» ብለው እስኪፈርሙ ድረስ ወረቀቱ እየተመለሰ ይታረም። ከጭቅጭቁ ግማሹ ማንም ያላለውን ነገር መቃወም ነውና። (ዓ.ም. ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«አርሚንያኖች ሰው በራሱ ኃይል ይድናል ይላሉ» ይባላል። የኔዘርላንዱ የሥነ መለኮት መምህር አርሚኒዩስ በ1609 ከሞተ በኋላ ተከታዮቹ (ሬሞንስትራንት የተባሉት) በ1610 ያቀረቡትን አምስት አንቀጽ ሦስተኛውን ተመልከቱ፦ ሰው የሚያድን እምነት ከራሱም ሆነ ከነጻ ፈቃዱ ኃይል የለውም፣ በመንፈስ ቅዱስ ዳግመኛ መወለድ አለበት ይላል። አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ አማኝ ጸጋን ሊያጣ ይችላል ወይ የሚለውን ገና ከመጽሐፍ ሊጠና የሚገባው ብሎ ክፍት ነው የተወው።

«ካልቪናውያን የክርስቶስ ሞት ለጥቂቶች ብቻ ይበቃል፣ እግዚአብሔርም ሰውን ለኃጢአት ፈጠረው ይላሉ» ይባላል። በኔዘርላንድ በአርሚኒዩስ ተከታዮች ላይ የፈረደው የዶርትሬክት ሲኖዶስ ቀኖናዎች ሁለተኛው ክፍል፣ ቁጥር 3፣ ሞቱ የዓለምን ሁሉ ኃጢአት ለማስተሰረይ አብዝቶ እንደሚበቃ ይናገራል። የቀኖናዎቹ መደምደሚያም ምርጫ የእምነት ምንጭ እንደሆነ ሁሉ መጣልም (ለጥፋት መወሰን) «በዚያው መንገድ» የአለማመን ምክንያት ነው ማለትን አጥብቆ ይጸየፋል።

እነዚህ ሁለት ክሶች ከተነሡ በኋላ የሚቀረው ልዩነት እውነተኛ ነው፣ ግን መጠኑ ይታወቃል።

ጽኑ_ዐለት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ልዩነቱን አታሳንሰው ወንድሜ። ሁለት ሰዎች አንድ ወንጌል ሰሙ፣ አንዱ አመነ፣ ሌላው አላመነም። የለያያቸው ምንድን ነው? ጸጋው ነው ካልክ ካልቪናዊ ነህ፣ ሰውየው ነው ካልክ አርሚንያን ነህ። መሐል ቤት የለም። ዶርትሬክትም ለጨዋታ አልተሰበሰበም።

ናርዶስ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ጽኑ_ዐለት፣ ዶርትሬክትን ካነሣህ ሙሉውን እናንሣው። ሲኖዶሱ በኖቬምበር 1618 ሲከፈት ሬሞንስትራንቶቹ የተጠሩት ለውይይት አልነበረም፣ እንደ ተከሳሽ ነበር። ጃንዋሪ 14 ቀን 1619 ሰብሳቢው ቦገርማን ከአዳራሹ አስወጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ጉባኤው የፈረደው በጽሑፋቸው ላይ ነው። ነገሩ ከኔዘርላንድ ፖለቲካ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ለሬሞንስትራንቶቹ የወገነው የአገር መሪ ኦልደንባርነፌልት በዚያው ዓመት ሜይ 13 አንገቱ ተቀላ። አጋሩ የሕግ ሊቁ ግሮቲዩስ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1621 በመጽሐፍ ሣጥን ተደብቆ ከሉቨስታይን ቤተ መንግሥት አመለጠ። ወደ 200 የሚጠጉ አገልጋዮች ከስፍራቸው ተነሡ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሲኖዶሱ በራሱ አባላት መካከል እንዴት አንድነቱን እንደጠበቀ ነው። ጎማሩስ የእግዚአብሔር ውሳኔ ከውድቀት በፊት ያለውን ሰው ይመለከታል ይል ነበር፤ ብዙሃኑ ደግሞ የወደቀውን ሰው ነው አሉ። ቀኖናዎቹ የተጻፉት በብዙሃኑ አነጋገር ነው፣ የጎማሩስ አቋም ግን አልተወገዘም። የእንግሊዙ ዳቬናንትና የብሬመኑ ማርቲኒዩስም ስለ ክርስቶስ ሞት ስፋት ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ነገር ይዘው ተከራክረዋል። ቅድም የተጠቀሰው «አብዝቶ ይበቃል» የሚለው ቃል ሁሉም ሊፈርምበት የቻለው ነው። ስለዚህ «መሐል ቤት የለም» ያልከው ጉባኤ ውስጥ ራሱ ክፍሎች ነበሩ። ከውጭ ላለው ግን በሩ ተዘጋ።

ለአጥቢያው የሚጠቅመው፦ ቅሬታ ያለው ወገን በአርቃቂ ኮሚቴው ውስጥ ይቀመጥ። «ቀርበህ አስረዳ» ተብሎ የሚጠራ ከሆነ ገና ሳይጀመር ተፈርዶበታል።

ማኅቶት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ከጎን ልግባ፤ እኔ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ። ክርስቲያን ሁሉ ከሁለቱ አንዱ ነው ብላችሁ አትነሡ። የዚህ ክርክር ሥር ስለ ጸጋና ስለ ሰው ፈቃድ የተለያዩት አውግስጢኖስና ጴላግዮስ ናቸው፤ የምዕራብ ጉዳይ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሮሜ 9ን ሲተረጉም የሸክላውን ምሳሌ ነጻ ፈቃድን ለመሻር እንዳልተነገረ አድርጎ ነው የያዘው። እኛ ዘንድ ጸጋና የሰው ፈቃድ አብረው ይሠራሉ፣ ቅድሚያው የጸጋ ሆኖ። መልካም ውይይት።

ጽኑ_ዐለት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እናመሰግናለን። ግን «ቅድሚያው የጸጋ ሆኖ» ያልከው ራሱ ነው ክርክሩ :)

መዝገቡ_ይናገር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ማኅቶት ያነሣው ነጥብ ለረቂቁ ይጠቅማል። ምዕራባውያንም ቢሆኑ ከአውግስጢኖስ በኋላ እስከ መጨረሻው አልሄዱም። በ529 በኦሬንጅ (ፈረንሳይ) ጉባኤ፣ በአርሉ ቄሳርዮስ ሰብሳቢነት የወጡት 25 ቀኖናዎች ጸጋ ከሰው ልመና፣ ከፈቃዱና ከእምነቱ መጀመሪያ ይቀድማል ይላሉ። ከቀኖናዎቹ ጋር የወጣው መግለጫ ደግሞ ሰዎች በእግዚአብሔር ኃይል ለክፋት አስቀድመው ተወስነዋል የሚልን ያወግዛል። ዛሬ ብዙ ካልቪናዊና ብዙ ዌስሊያን (የዌስሊን ትምህርት የሚከተል፣ ከአርሚንያን ወገን) አብረው ሊቆሙበት የሚችሉት ሰፊው መሬት ይህ ነው።

ሰማንያ_አሐዱ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ካቶሊኮቹ ጉዳዩን እንዴት እንዳቆሙት አይዘለል። ዶሚኒካኑ ባኜዝ ጸጋው በራሱ ኃይል ይሠራል አለ። ኢየሱሳዊው ሞሊና ደግሞ እግዚአብሔር ሰው በየትኛው ሁኔታ ምን እንደሚመርጥ ያውቃል፣ ጸጋውንም በዚያ ዕውቀት ይሰጣል አለ። ጉዳዩ ሮም ሄዶ ወደ 10 ዓመት ገደማ ተጎተተ፤ ሞሊና በ1600፣ ባኜዝ በ1604 ፍጻሜውን ሳያዩ ሞቱ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1607 ጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ ለማንም ሳይፈርድ ዘጋው፦ ሁለቱም አቋማቸውን ማስተማር ይችላሉ፣ አንዱ ሌላውን በመናፍቅነት መክሰስ ግን ተከለከለ። በ1611 ደግሞ በዚህ ርዕስ ላይ ያለ ፈቃድ መጽሐፍ ማሳተም ተከለከለ።

ልብ በሉ፣ ሕጉ የወጣው በአንደበት ላይ ነው፤ በእምነቱ ላይ አልተፈረደም። ሁለቱ ማኅበራት፣ ዶሚኒካኖችና ኢየሱሳውያን፣ እስከ ዛሬ በአንድ ቤት አሉ። የኅትመት እገዳው ግን ለነጻ አጥቢያ አይሠራም፣ ማን ያስከብረዋል?

የወንጌል_ባላደራ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

ለዘቤርያ ጥያቄ በጣም የሚቀርበው በአሜሪካ የነበሩት የኖርዌይ ሉተራውያን ጉዳይ ነው። ዘርዘር ላድርገው።

በ1880ዎቹ የሌላው የአሜሪካ ሉተራውያን አካል፣ የሚዙሪ ሲኖዶስ፣ መሪ በነበረው በዋልተር አስተምህሮ ዙሪያ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን ምርጫ በሰው ውስጥ ምንም ምክንያት የለውም፣ ምክንያቱ የእግዚአብሔር ምሕረትና የክርስቶስ ቤዛነት ብቻ ነው አለ። ሌላው ወገን እግዚአብሔር የመረጠው አስቀድሞ የታየውን እምነት ተመልክቶ ነው አለ። ከኖርዌይ ሲኖዶስ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ወጥቶ በ1890 ከሌሎች ጋር ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። በአንድ የገጠር ከተማ ውስጥ ሁለት የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት መቃብር ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1912 በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ስምምነት ተደረሰ። ብልሃቱ ሁለቱ ወገኖች አዲስ ትርጓሜ አለመጻፋቸው ነው። ሁለቱም አስቀድመው የተቀበሉትን ሁለት የቆዩ ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀመጡ፦ የ1577ቱ የሉተራውያን የእምነት ጽሑፍ፣ የስምምነት ቀመር፣ 11ኛ አንቀጽ (ለመጀመሪያው ወገን የሚቀርበው) እና በጶንቶፒዳን የካቴኪዝም ማብራሪያ ውስጥ ጥያቄ 548 (ለሁለተኛው የሚቀርበው፤ እግዚአብሔር የቀረበውን ጸጋ ተቀብለው፣ በክርስቶስ አምነው እስከ መጨረሻ እንደሚጸኑ ከዘላለም ያያቸውን ለሕይወት ወሰነ የሚል)። ሁለቱንም ያለ ቅሬታ እንቀበላለን ብለው ፈረሙ። ቀጥለው በሁለቱም አቅጣጫ ያለውን ስሕተት በስም ዘጉ፦ የእግዚአብሔርን ብቸኛ አዳኝነት የሚነካ አይነገርም፣ የሰውን ተጠያቂነት የሚያላላም አይነገርም።

በ1917 ሦስት አካላት ተዋሕደው አንድ ቤተ ክርስቲያን ሆኑ። ሁሉም ግን አልገባም። ስምምነቱ ሁለት የማይገጥም ነገር አንድ ላይ ሰፍቷል ያሉ ጥቂቶች በ1918 የራሳቸውን ሲኖዶስ አቋቋሙ፣ ዛሬም አለ። እነሱን አልወቅስም፤ በአስተምህሮ ትክክል ነን ብለው ካመኑ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ዘጠና በመቶውን የሚይዝ አንቀጽ አሥሩን ሊያወጣ እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡበት ለማለት ነው። (ቁጥሩ ምሳሌ ነው።)

ናርዶስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

እነዚህ ግን ሁለቱም ሉተራውያን ናቸው። ካልቪናዊና አርሚንያን ተብለው ተለያይተው የተመለሱ አሉ?

ሰማንያ_አሐዱ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

አሉ። የእንግሊዝ ባፕቲስቶች ከጅምራቸው ሁለት ነበሩ። ክርስቶስ ለሁሉ ሞተ የሚሉት በ1612፣ ለተመረጡት ሞተ የሚሉት በ1630ዎቹ ጀመሩ። ወደ አንድ ኅብረት የገቡት በ1891 ነው። ከዚያ በፊት አንድሩ ፉለር ከካልቪናውያኑ በኩል ወንጌል ለሁሉ ሰው በቀጥታ መቅረብ አለበት ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ የ1792ቱ የባፕቲስት ሚሲዮን የተወለደው ከዚሁ ነው። ሌላኛው ወገን በ1816 የራሱን ሚሲዮን አቋቁሞ ኦሪሳ፣ ሕንድ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ሁለቱ ሚሲዮኖችም የተዋሐዱት በዚያው በ1891 ነው። አንቀጽ ከመጻፋቸው በፊት ዓመታት ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ነበር ማለት ነው።

ያልሰመረው ደግሞ የአሜሪካዎቹ ከምበርላንድ ፕሬስቢቴርያን። የፕሬስቢቴርያኖች የእምነት መግለጫ የሆነው የዌስትሚንስተር መግለጫ 3ኛ ምዕራፍ ዕጣ ፈንታ ይመስላል ብለው በ1810 ወጡ። በ1903 ትልቁ የአሜሪካ ፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ገላጭ መግለጫ ጨመረ፦ 3ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ለሰው ዘር ሁሉ ካለው ፍቅር ጋር ተስማምቶ ይነበብ፣ 10ኛው ምዕራፍም በሕፃንነት የሚሞት ይጠፋል ማለት አይደለም ብሎ። በ1906 ውሕደቱ ተፈጸመ። ነገር ግን እሺ ያላለው ክፍል ቀረ፣ ከዚያም ሕንጻው የማን ነው የሚል የፍርድ ቤት ሙግት በየግዛቱ ተከተለ።

ዘቤርያ፣ ይህን ከአስተምህሮው አንቀጽ ጋር አንድ ቀን አጽድቁት፦ አጥቢያው ቢከፈል የይዞታ ካርታው፣ የባንክ ሒሳቡና ንብረቱ በማን ስም ይቀራል? ሰላም ሳለ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ጠብ ሲነሣ ግን ፋይሉ በካርቶን ነው የሚገባው።

የወንጌል_ባላደራ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

እኛም አገር አለኮ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ሉተራዊት ናት። በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) ከአሜሪካ ፕሬስቢቴርያን ሚሲዮን ሥራ የወጣችው የምዕራቡ ቤቴል ተቀላቀለቻት። እስከ ዛሬ ቤቴል የሚል ስም የያዙ ሲኖዶሶች በውስጧ አሉ፣ ማለትም የራስን ስምና ታሪክ ጥሎ መግባት አልተጠየቀም።

አውሮፓም ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1973፣ ሉተራውያንና ካልቪናውያን የሎይንበርግን ስምምነት ጨርሰው ነበር። እዚያ ላይ ስለ ቅድመ ውሳኔ የተጻፈው አጭር ነው፦ ስለ ክርስቶስ የሚመሰክረው መጽሐፍ አንዳንድ ሰዎችን ለዘለቄታው የሚጥል የዘላለም ውሳኔ አለ ብለን እንዳናስብ ይከለክለናል ይላል። የድሮው ውግዘት ታሪክ ሆኖ ይቆያል፣ ዛሬ ያለውን አስተምህሮ ግን አይነካም ተባለ። ውግዘትን ሳይሰርዙ ዒላማውን ማንሣት፤ ጠበቃ ያሰበው ይመስላል።

ጽኑ_ዐለት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እሺ፣ ከታሪክ ወደ ረቂቁ። አንድ ሰው ይጻፈውና እንየው። እኔ የማልፈርምበትን እናገራለሁ።

መዝገቡ_ይናገር · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡20

ይኸው፦

«መዳን ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜ የእግዚአብሔር ጸጋ ሥራ ነው። ሰው በኃጢአት ወድቋልና ጸጋ ቀድሞ ካልደረሰለት ወደ እግዚአብሔር ሊመለስም ሊያምንም አይችልም። እግዚአብሔር ዓለም ሳይፈጠር ሕዝቡን በክርስቶስ መርጧል። ወንጌል ለሰው ሁሉ በእውነት ይቀርባል፤ የሚያምን ሁሉ ይድናል፣ የሚጠፋም በገዛ ኃጢአቱ ይጠፋል። እግዚአብሔር የእርሱ የሆኑትን ይጠብቃል፤ እነርሱም በእምነት እንዲጸኑ ታዝዘዋል።»

ሆነ ብዬ ያላስገባሁት፦ የምርጫው መሠረት የታየ እምነት ነው ወይስ አይደለም፣ ጸጋው ሊገፋ ይችላል ወይ፣ የውሳኔዎች ቅደም ተከተል፣ አንዴ የዳነ ሊጠፋ ይችላል ወይ። ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ከዚህ ያለፈውን ማመንና ማስተማር ይቻላል፤ የአባልነት ወይም የሽማግሌነት መስፈርት ማድረግ ግን አይቻልም።» ይህች መስመር ከሌለች ዝምታው ፈቃድ ይሁን ክልከላ አይታወቅም።

ጽኑ_ዐለት · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡05

«ቀድሞ ካልደረሰለት» ለሁላችን እንደሚሆን አያለሁ፣ ዌስሊያኑ የራሱን ያነባል፣ እኔም የራሴን። እፈርማለሁ፣ ግን «ሊያምንም» የሚለው እንዳይወጣ። እሱ ከወጣ እምነቱ ከሰው የመጣ ይሆናል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን ደካማ ነው።

ናርዶስ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡40

የመጨረሻው ደካማ የሆነው ጉዳዩ ራሱ በወረቀት ስለማይፈታ ነው። የሚመጣው በምክር ክፍል ነው። ሁለት ዓመት የጠፋ ሰው ተመልሶ ይመጣል። አንዱ ሽማግሌ «መጀመሪያውኑ አልዳነም ነበር» ይላል፣ ሌላው «ድኖ ጠፍቶ ነበር» ይላል። ሰውየው ፊት ይህ ከተነሣ ሰውየው ሁለተኛ አይመለስም። አሠራሩን ተስማሙበት፦ ንስሐው ይሰማል፣ ዳግመኛ አይጠመቅም፣ የተወሰነ ጊዜ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይከታተላል፣ ከዚያ ወደ ጌታ ራት ይመለሳል። ፊልጵስዩስ 2፡12–13ን ያንብቡለት፤ «የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» እና «የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና» በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ናቸው። ሁለቱም ሽማግሌዎች በተግባር የሚያደርጉት አንድ ነው።

ሰማንያ_አሐዱ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

አንቀጹ ቢያምርም ጠቡ የሚነሣው በሕዝብ ፊት በሚወጣ ጽሑፍ ነው። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪው አርሚንያኑ ዌስሊ በ1739 ቅድመ ውሳኔን የሚቃወም ስብከት ሰብኮ አሳተመ። የእንቅስቃሴው ባልደረባው ካልቪናዊው ኋይትፊልድ መልሱን ዲሴምበር 24 ቀን 1740 ከጆርጂያ ጻፈ። ከዚህ ሌላ ኋይትፊልድ ለዌስሊ በግል የጻፈው ደብዳቤ ያለ ሁለቱም ፈቃድ ታትሞ በለንደን ዌስሊ በሚሰብክበት በፋውንድሪ ደጃፍ ታደለ። ዌስሊ አንዱን ቅጂ ይዞ ቆመና፣ ኋይትፊልድ ራሱ እዚህ ቢሆን የሚያደርገውን አደርጋለሁ ብሎ በጉባኤው ፊት ቀደደው፤ የተቀበለውም ሁሉ የእጁን ቀደደ። የዛሬው የቴሌግራም ስክሪንሾት ማለት ያ ነው፣ ልዩነቱ ስክሪንሾት አለመቀደዱ ነው።

ሁለቱ በአስተምህሮ አልተስማሙም፣ እንቅስቃሴውም ለሁለት ሄደ። ግን ኋይትፊልድ በ1770 ሲሞት አስቀድሞ በጠየቀው መሠረት የመታሰቢያ ስብከቱን የሰበከው ዌስሊ ነው። ዳግመኛ መወለድንና በእምነት መጽደቅን አንሥቶ ምርጫን ሳይነካ አለፈ፤ ካልቪናውያኑ አንዳንዶች ለምን አላነሣም ብለው ተቆጡ። በዚያው ዓመት የወጣው የዌስሊ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ለዓመታት የዘለቀ የመጽሐፍ ጦርነት ከፈተ። የሁለቱ ወዳጅነት ተከታዮቻቸውን አልያዘም።

ስለዚህ መተዳደሪያው ውስጥ ይግባ፦ በሽማግሌዎች መካከል ያለ የአስተምህሮ ደብዳቤና ድምፅ ወደ ቡድን አይተላለፍም።

ዘቤርያ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

በጣም ጠቅሞኛል፣ ተባረኩ። ሁለት ቀርቶኛል፦ ማን ይፈርም? አዲስ መጋቢ ሲቀጠርስ?

የወንጌል_ባላደራ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

አባል የሚጠየቀው የጥምቀቱን ምስክርነት ነው፤ አንቀጹን የሚፈርሙት ሽማግሌዎች፣ መጋቢዎችና የሰንበት ትምህርት መምህራን ናቸው። ዕጩ መጋቢን በተመለከተ የደቡባዊ ባፕቲስቶች በዚሁ ጉዳይ ያቋቋሙት ኮሚቴ በ2013 ያወጣው ምክር ጥሩ ነው፦ ዕጩው አቋሙን ሳይደብቅ ይናገር፣ አጥቢያውም ሳያፍር ይጠይቅ። ብዙ መከፋፈል የሚጀምረው ሳይጠየቅ ገብቶ ከስድስት ወር በኋላ በሚገለጥ አቋም ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡለት፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ከቅጥር ውሉ ጋር ይያያዝ። እንግዳ ሰባኪም አንቀጹ ከጉዞው በፊት ይላክለት።

አንቀጹ የሚሻሻለው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሁን፣ በሁለት ስብሰባ፣ በመካከላቸው ቢያንስ ሦስት ወር። በአንድ ምሽት የተሰበሰበ ብዙኃን የሌላውን ወገን እንዳያስወጣ ነው።

ናርዶስ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

ስለ መምህራኑ አንድ ልጨምር። ሮሜ 9ን ለአንድ ሰው ሰጥታችሁ 10ን ለሌላ አትስጡ። ከ9 እስከ 11 አንድ መምህር በተከታታይ ሳምንት ይያዘው፣ ካልቪናዊም ይሁን አርሚንያን። «የጌታን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናልና» የሚለው 10፡13 ላይ ነው፤ 9ን ያስተማረው ራሱ እሱንም ያስተምረው።